የድሮ ፍሎፒ ድራይቭ ስትጠግኑ መጀመሪያ መብራቱን ለኩ

ባለፈው ነሐሴ አንድ ጡረታ የወጡ የሒሳብ መምህር ባሕር ዳር፣ ሽምብጥ ያለችው ሱቄ መጡ። ዝናቡ አላባራም ነበር። በሁለት ፌስታል የጠቀለሉትን ዕቃ ጠረጴዛዬ ላይ አስቀመጡና «ልጄ፣ ይኼን የሚነካልኝ ሰው አጣሁ» አሉኝ። ስፈታው ኮሞዶር 1541 ፍሎፒ ድራይቭ ነው፣ የድሮው ባለ 5.25 ኢንች ዲስክ ማንበቢያ። ጀርመን አገር ሲማሩ ከኮሞዶር 64 ኮምፒውተራቸው ጋር ገዝተው ያመጡት ነው። ቁም ሳጥን ላይ ከ30 ዓመት በላይ ተኝቷል። አብሮት አንድ የብስኩት ቆርቆሮ አለ። ውስጡ 11 ዲስክ።

መጀመሪያ የጠየቅኳቸው «ጋሼ፣ መብራት ላይ ሰክተውታል?» ብዬ ነው። «ኧረ አልሰካሁትም፣ ፈራሁ» አሉኝ። እፎይ አልኩ። እኔ እጅ ከገቡት የድሮ ድራይቮች ብዙዎቹ የተቃጠሉት «እስቲ ይሠራ እንደሆን» ተብሎ በተሰኩባት ቅጽበት ነው።

ሥራዬ ቴሌቪዥንና ስታብላይዘር መጠገን ነው። አባቴ ሬዲዮ ጠጋኝ ነበር። ኮምፒውተር ወደ መሥሪያ ቤቶች ሲገባ ፍሎፒ ድራይቭ ማጽዳትም የእሱ ሥራ ሆነ። እኔ ከትምህርት ቤት ስመለስ አጠገቡ ተቀምጬ ካቻቪቴ እያቀበልኩ ነው ያደግኩት። ዛሬም እንዲህ ያለ ዕቃ ሲመጣልኝ ሌላውን ሥራ ወደ ጎን አደርጋለሁ። አሠራሬን እንዳለ እነግራችኋለሁ። ቅደም ተከተሉን ግን ጠብቁልኝ። መጀመሪያ መብራቱ፣ ቀጥሎ ጽዳቱ፣ ከዚያ የሚሽከረከረው ክፍል፣ መጨረሻ ላይ ዲስኩ። የሰው ዲስክ መሞከሪያ አይደለም።

እንግዲህ ድራይቩ ምን እንደሚበላ እወቁ። የዚያ ዘመን ኮምፒውተሮች ድራይቭ ሁለት ዓይነት ቮልት ይፈልጋል፤ 5 እና 12። 5ቱ ለቦርዱ ነው፣ 12ቱ ለሞተሩ። በኋላ ከመጡት ባለ 3.5 ኢንች ድራይቮች ብዙዎቹ በ5 ቮልት ብቻ ይሠራሉ። የፒሲ ድራይቭ ላይ የሚሰካው ትንሹ መሰኪያ 4 ገመድ አለው። ቀዩ 5 ቮልት፣ ቢጫው 12 ቮልት፣ ሁለቱ ጥቁሮች ግራውንድ ናቸው። ባለ 5.25 ኢንቹ ድራይቭ ትልቁን መሰኪያ ይወስዳል፣ የድሮ ሃርድ ዲስክ ላይ የሚሰካውን። የቀለሙ ትርጉም ያው ነው።

ቀለም ብቻ አይታችሁ ግን አትመኑ። አምስትራድ ኮምፒውተሮች ላይ ያለው ባለ 3 ኢንች ድራይቭ የ5 እና የ12 ቮልት ቦታው ከፒሲው ተገላቢጦሽ ነው። መሰኪያው ደግሞ ልክክ ብሎ ይገባል። የፒሲ ገመድ የሰካችሁበት እንደሆነ 5 ቮልት የለመደው ቺፕ ላይ 12 ቮልት ይወርድበታል። ከዚያ በኋላ ጥገና የለም። ስለዚህ ከመሰካታችሁ በፊት በቴስተር ለኩ። የትኛው እግር ወዴት እንደሚሄድም ቦርዱ ላይ ተከታተሉ።

1541 ለየት ይላል። እ.ኤ.አ. በ1982 የወጣ ድራይቭ ነው። የራሱ ፕሮሰሰር፣ የራሱ ሜሞሪ አለው። ትራንስፎርመሩንም በሆዱ ይዟል። የግድግዳው መብራት ቀጥታ ይገባበታል። ከዚያ 7805 እና 7812 የሚባሉ ሁለት ሬጉሌተሮች 5 እና 12 ቮልቱን ያወጣሉ። ይኼ ሁሉ አንድ ጠባብ ሳጥን ውስጥ ስለሆነ ክፉኛ ይሞቃል። ከኋላ የመጣው 1541-2 ትራንስፎርመሩን ወደ ውጭ አውጥቶ ተገላገለ።

የ1541ን ክዳን ሳትከፍቱ ገልብጡትና ከሥሩ ያለውን ጽሑፍ አንብቡ። 220 ወይም 240 የሚል ከሆነ የእኛን መብራት ይችላል። 120 የሚል ከሆነ አሜሪካ የተሸጠ ነው። አንድ ልጅ አክስቱ ከአሜሪካ የላከችለትን እንዲሁ ሰክቶት ፊውዙ ተቃጠለ። ፊውዙ ሥራውን ሠርቶ ነበር። ልጁ ግን ጠንከር ያለ ፊውዝ ቀየረበትና ድጋሚ ሰካው። እኔ ጋ ሲደርስ የትራንስፎርመሩ ቫርኒሽ ይሸት ነበር። ያን ድራይቭ ያዳንኩት ትራንስፎርመሩን ከነጭራሹ አውጥቼ ነው። ሁለቱን ሬጉሌተሮች ነቀልኩና 5 እና 12 ቮልት ከሚያወጣ የውጭ ፓወር ሰፕላይ መውጫቸው ላይ አስገባሁበት። አሁን እንዲያውም ከድሮው ይልቅ ቀዝቃዛ ሆኖ ይሠራል። እናንተ ጋ ያለው ገና ያልተነካ ከሆነ ከ220 ወደ 110 የሚያወርድ ትራንስፎርመር ይበቃዋል። የእኛ መብራት 50 ኸርዝ፣ የእነሱ 60 መሆኑ ሞተሩን አይነካውም። ሞተሩ የሚዞረው በዲሲ ነው። ፍጥነቱን የሚቆጣጠረው የራሱ ቦርድ ነው።

እኛ ጋ መብራት ሄዶ ሲመጣ አንዳንዴ በኃይል ይመጣል፣ ወዲያው ደግሞ ተመልሶ ይሄዳል። መብራት እንደመጣ የድሮ ዕቃ አልሰካም። ቢያንስ 10 ደቂቃ እጠብቃለሁ። ከዚያም በስታብላይዘር ነው የምሰካው።

ለረጅም ጊዜ የተቀመጠ ባለ ትራንስፎርመር ዕቃ መጀመሪያ ሲበራ በአምፖል በኩል ይሁን። ይኼን ከአባቴ ነው የተማርኩት። አንድ የድሮ ባለ ክር አምፖል፣ 60 ዋት የሆነ፣ ከአንዱ የመብራት ገመድ ጋር በተከታታይ ይገባል። ኤልኢዲ አምፖል አይሆንም። ድራይቩን ስታበሩት አምፖሉ ብልጭ ብሎ ከደበዘዘ ጤና ነው። ቦግ ብሎ ከቀረ ውስጥ ሾርት አለ፤ ቶሎ አጥፉት። አምፖሉ መብራቱን ስለሚይዘው ትራንስፎርመሩ አይቃጠልም። ክዳኑ ተከፍቶ ስፒናው ከተሰካ የ220 ቮልቱ ወገን የተጋለጠ ነው። አንድ እጃችሁን ኪስ አድርጉ፣ ብቻችሁን አትሥሩ። ለማጽዳትም ሆነ ሶልደር ለማድረግ ስፒናውን ንቀሉ። የነቀላችሁትን ስፒና ጠረጴዛው ላይ፣ ዓይናችሁ ሥር አስቀምጡት።

የመምህሩ ድራይቭ አምፖሉን ብልጭ አድርጎ አደበዘዘው። ከዚያ ያለ አምፖሉ ሰክቼ ለካሁ። 5ቱ 5.02 አለ፣ 12ቱ 11.9። ደግ ነው። 5ቱ ከ4.75 እስከ 5.25፣ 12ቱ ከ11.4 እስከ 12.6 ድረስ ቢሆን ችግር የለውም። ብዙ ሰው እዚህ ላይ ያቆማል። እናንተ ግን ሞተሩ እየዞረ ድጋሚ ለኩ። የመምህሩ ድራይቭ ሞተሩ ሲነሳ 12ቱ ወደ 10.6 ወረደ። ድራይቩ «ጭው» ይልና ይደክማል። 7812 በትክክል 12 ለማውጣት የሚገባበት ቮልት ከ14 በላይ መሆን አለበት። ያንን የሚጠብቀው ከፊቱ ያለው ትልቁ ካፓሲተር፣ ኤሌክትሪክ እያጠራቀመ የሚለቀው ዕቃ ነው፣ እሱ ደርቋል። ስትቀይሩት ላዩ ላይ የተጻፈው ማይክሮፋራድ (መጠኑ) ያው ይሁን፣ ቮልቱ እኩል ወይም ከፍ ያለ ይሁን። የነጌቲቩ መስመር ወዴት እንደሚዞር ደግሞ ከመንቀላችሁ በፊት በስልካችሁ ፎቶ አንሱት። ስቀይርለት ሞተሩ እየዞረም 11.9 ላይ ቆመ።

የፒሲ ወይም የአሚጋ ኮምፒውተር ባለ 3.5 ኢንች ድራይቭ ጠረጴዛ ላይ ለመሞከር አዲስ ፓወር ሰፕላይ አትግዙ። ከተጣለ የቢሮ ኮምፒውተር ፓወር ሰፕላዩን አውጡ። ትልቁ መሰኪያ ላይ አንድ አረንጓዴ ገመድ አለ። እሱን ከአንዱ ጥቁር ጋር በአጭር ሽቦ ስታገናኙት ይነሳል። 5 እና 12 ቮልት ተዘጋጅቶ ታገኛላችሁ። ከዚያ ጠፍጣፋውን ባለ 34 መስመር ገመድ ስትሰኩ ቀይ መስመር ያለበት ጎን የ1 ቁጥር እግር ጋ ይሁን። ድራይቩ ገና ሲበራ መብራቱ በርቶ እንደበራ ከቀረ ገመዱን ገልብጣችኋል ማለት ነው። አጥፍታችሁ አዙሩት። በዚህ ብዙ ጊዜ ዕቃ አይቃጠልም። «ተበላሽቷል» ተብሎ የተጣለ ድራይቭ ግን በዚህ ምክንያት ብቻ አግኝቻለሁ።

አሁን ጽዳት። ጣና ዳር ለሚኖር ሰው ዋናው ጉዳይ ይኼ ነው። ሱቄ ከሐይቁ ብዙም አይርቅም። ክረምት ላይ ጠዋት ስከፍት የመስታወቱ ሳጥን ላብ አልቦት አገኘዋለሁ። ያ እርጥበት ዲስኩ ላይ ሻጋታ ያበቅላል። የሻገተ ዲስክ ድራይቭ ውስጥ ሲገባ ሻጋታው እየተፋቀ «ሄድ» የሚባለው፣ ዲስኩን የሚያነበው ክፍል ላይ ይለጠፋል። ከዚያ ያ ሄድ ቀጥሎ የሚገባውን ደህና ዲስክ ይቧጭራል። አንድ የታመመ ዲስክ ሙሉ ካርቶን ዲስክ ሊጨርስ ይችላል።

ስለዚህ የማንንም ዲስክ ከማስገባቴ በፊት እመለከተዋለሁ። ባለ 5.25 ኢንቹን በመሃሉ ቀዳዳ በጣቴ እያዞርኩ፣ ሄዱ የሚነካበትን ሞላላ መስኮት የጠረጴዛ መብራት ሥር አዘንብዬ አያለሁ። ባለ 3.5 ኢንቹን የብረት መዝጊያውን ገፋ አድርጌ፣ ከሥሩ ያለውን ክብ ብረት አዞራለሁ። ጤነኛው እንደ ጥቁር መስታወት ያበራል። የሻገተው ዱቄት የተነፋበት ይመስላል፤ ነጣ ነጣ ያሉ ነጠብጣቦች፣ አንዳንዴም ክብ ክብ ሆነው። ከመምህሩ 11 ዲስኮች 4ቱ እንዲህ ነበሩ።

የሻገተ ባለ 5.25 ኢንች ዲስክ ይታጠባል። የሽፋኑን አንድ ጠርዝ በምላጭ ቀስ ብዬ እከፍትና ክቡን ፊልም ጠርዙን ብቻ ይዤ አወጣዋለሁ። ባትሪ ላይ የሚጨመረው የተጣራ ውኃ ውስጥ አንድ ጠብታ የዕቃ ማጠቢያ ሳሙና ጨምሬ በለስላሳ ጨርቅ አብሰዋለሁ። በንጹሕ የተጣራ ውኃ አለቀልቀዋለሁ። ጥላ ውስጥ ይደርቃል፣ ፀሐይ አይነካውም። ከዚያ ከማይፈለግ ዲስክ የወጣ ንጹሕ ሽፋን ውስጥ ይገባል። የላይና የታች ፊቱን እንዳታምታቱ ከማውጣታችሁ በፊት መሃሉ አካባቢ በማርከር ነጥብ አድርጉበት። ከታጠበ በኋላ ውስጡ ያለው ወዲያው ይቀዳ፤ አታቆዩት።

ሄዱን ለማጽዳት ፋርማሲ የሚሸጠው 70 በመቶ አልኮል አይመቸኝም፤ ቀሪው ውኃ ነው። ሞባይል ጠጋኞች ጋ 99 በመቶ አይሶፕሮፒል ይገኛል። ጥጥ የተጠቀለለበት እንጨት ላይ ትንሽ ነክራችሁ፣ ሳትጫኑ፣ ጥጡ ንጹሕ ሆኖ እስኪወጣ ድረስ መላልሱ። 1541 ሄዱ አንድ ብቻ ነው፣ ከታች። ከላይ ዲስኩን የምትጫን ትንሽ ጨርቅ አለች። እሷን አልኮል አታስነኳት። ካለቀች ወይም ከጠነከረች ግን ቀይሯት፣ አለበለዚያ ዲስክ ትፍቃለች። በሁለት ፊት የሚያነበው ባለ 3.5 ኢንች ድራይቭ ሄዶቹ ሁለት ናቸው። የላይኛው በቀጭን ስፕሪንግ ነው የተያዘው። ጥጧ ልክ እስክትገባ ድረስ ብቻ አንሱት። ወደ ጎን ገፋ ካደረጋችሁት ወይም ከፍ አድርጋችሁ ካነሳችሁት ድራይቩን ገደላችሁት። እኔም ገና ስጀምር አንዱን እንዲህ አድርጌ አበላሽቻለሁ። አባቴ ምንም አላለኝም። የተበላሸውን ድራይቭ ብቻ «እስኪገባሽ ፍቺና ግጠሚ» ብሎ ሰጠኝ።

ሄዱ የሚንሸራተትባቸው ዘንጎች ላይ ያለው ግሪስ በዕድሜ ብዛት እንደ ሙጫ ይሆናል። ድራይቩ «ጠጠጠ» እያለ ካነበበ በኋላ ስህተት የሚያወጣው ብዙ ጊዜ በዚህ ነው። የድሮውን ግሪስ በአልኮል ጠርጉና ዘንጉ ላይ አንድ ጠብታ የልብስ ስፌት መኪና ዘይት አድርጉ። አንድ ብቻ። የተረፈው ይረጫል፣ ዲስክ ላይ ይደርሳል። ድራይቩ ጠፍቶ ሳለ ሄዱን በእጃችሁ ቀስ ብላችሁ ስታንቀሳቅሱት ከጫፍ እስከ ጫፍ እኩል መሄድ አለበት።

ቺንጋውን ደግሞ እዩ። አምስትራዱም ሆነ የመጀመሪያዎቹ 1541ዎች ሞተሩ ዲስኩን የሚያዞረው በላስቲክ ቺንጋ ነው። የአምስትራዱ ብዙ ጊዜ ቀልጦ እንደ ሬንጅ ሆኖ ይገኛል። ያንን በአልኮል ሙልጭ አድርጉ፣ የቀረ ካለ አዲሱን ቺንጋ ያንሸራትተዋል። መለኪያውን ለማወቅ በሁለቱ መዘውሮች ዙሪያ ክር አዙራችሁ ርዝመቱን ውሰዱ። ላስቲኩ መወጠር ስላለበት ከክሩ ትንሽ ያነሰ ፈልጉ።

ዲስኩ በደቂቃ 300 ጊዜ መዞር አለበት። በ1541 ሆድ ሥር፣ ትልቁ መዘውር ላይ፣ ጥቁርና ነጭ ሰረዞች የተሳሉበት ክብ አለ። አንዱ ቀለበት ለ50 ኸርዝ ነው፣ ሌላው ለ60። እኛ የምናየው የ50ውን ነው። የድሮ ባለ ስታርተር የሸንበቆ መብራት በእኛ አገር በሰከንድ 100 ጊዜ ብልጭ ድርግም ይላል። ዓይን አያየውም፣ ሰረዙ ግን ያየዋል። ፍጥነቱ ልክ ሲሆን እየዞረ ያለው ሰረዝ ቆሞ ይታያል። ወደ ፊት ከሄደ ይፈጥናል፣ ወደ ኋላ ከሄደ ይዘገያል። የሞተሩ ቦርድ ላይ ያለችውን ትንሽ ማስተካከያ በካቻቪቴ ጸጉር ታህል አዙሯት። እኔ ለዚህ ብዬ አንድ የድሮ መብራት ከነባላስቱ ግድግዳዬ ላይ አስቀርቻለሁ። በኤልኢዲ ብዙውን ጊዜ አይሠራም። በጄኔሬተርም አትሞክሩት። የጄኔሬተር ኸርዝ ከፍ ዝቅ ስለሚል ትክክለኛውን ድራይቭ ታበላሻላችሁ።

ድራይቩ ራሱ ፎርማት ያደረገውን ዲስክ ያነባል፣ የሌላውን ግን አያነብም? ሄዱ ከመስመሩ ወጥቷል ማለት ነው። 1541 ላይ ይኼ የታወቀ በሽታ ነው። የመጀመሪያው ትራክ (ዲስኩ ላይ የሚጻፍበት ክብ መስመር) ጋ መድረሱን የሚነግረው ሴንሰር ስለሌለው ሄዱን ከማቆሚያው ጋር እያጋጨ ነው የሚያውቀው። «ገረረረ» የሚለው ድምፅ እሱ ነው። ከብዙ ግጭት በኋላ ይዛነፋል። ሄዱን የሚያንቀሳቅሰውን ሞተር ሁለት ብሎኖች ከማላላታችሁ በፊት በመርፌ ጫፍ ምልክት ጫሩበት። ከዚያ ፋብሪካ የቀዳውን፣ የማታዝኑለትን ዲስክ አስገብታችሁ በጥቂት በጥቂቱ አንቀሳቅሱ። ትዕግሥት ይጠይቃል። እኔ ይኼን የምሠራው ጠዋት፣ ሱቁ ሳይጨናነቅ ነው።

ዲስክ ከማስገባታችሁ በፊት እንዳይጻፍበት ቆልፉት። እዚህ ላይ ሁለቱ ዓይነት ተቃራኒ ናቸው። ባለ 3.5 ኢንቹ የሚቆለፈው ቀዳዳው ሲከፈት ነው። ባለ 5.25 ኢንቹ የሚቆለፈው ጎኑ ላይ ያለችው ጎድጓዳ በቴፕ ስትሸፈን ነው።

የመምህሩ ድራይቭ ሲበራ ሞተሩ ትንሽ ዞረ፣ የሥራ መብራቱ በራ፣ ከዚያ ሁለቱም ጠፉ። እንዲህ መሆን አለበት። መዞሩን ባያቆም ኖሮ ቺፖቹን እፈትሽ ነበር። መጀመሪያ ቦርዱ ላይ ባለ ሶኬት የተሰኩትን ጫን ጫን አደርጋለሁ፣ እርጥበት እግራቸውን ያዝገዋልና።

በሁለተኛው ሳምንት ጠራኋቸው። 11ዱንም ቀድቼ ጨርሻለሁ፣ ከታጠቡት 4 ዲስኮች 3ቱ ሙሉ በሙሉ ተነበዋል። ኮምፒውተሩን ከሱቄ ቴሌቪዥን ጋር አገናኘን። «ፊደል» ብለው በላቲን የሰየሙትን ፕሮግራም አስነሱ። ስክሪኑ ላይ ሀ ሁ ሂ ሃ መጣ። ተማሪ ሳሉ እያንዳንዱን ፊደል 8 በ8 ነጥብ ላይ በእጃቸው ስለው ያስገቡት ነው። ኮሞዶር 64 በአንድ ጊዜ 256 ቅርጽ ይይዛል። 33 በ7 ሲባዛ 231። «25 ተረፈኝ፣ ለቁጥሩና ለአራት ነጥቡ በቃ» አሉኝ፣ ልክ ትናንት እንደሠሩት።

ከዚያ ዝም ብለው ስክሪኑን ሲያዩ ቆዩ። «‹ኘ›ን ተመልከቺ፣ ቆቡ ከ‹ነ›ው ጋር ተጣብቋል። ያኔም አላማረኝም ነበር» አሉና ማረም ጀመሩ። አርመው ሊያስቀምጡ ሲሉ የድራይቩ መብራት ብልጭ ድርግም ማለት ጀመረ። ደነገጡ። «ተበላሸ እንዴ?»

«አልተበላሸም ጋሼ። ያቺን ቴፕ አይተዋል? አልጻፍም እያለዎት ነው» አልኳቸው። ዋናውን ዲስክ አውጥቼ ቆርቆሮው ውስጥ፣ ከጫማ ካርቶን ከለቀምኳቸው እርጥበት መምጠጫ ከረጢቶች ጋር መለስኩት። ቅጂውን ሰጠኋቸው። «ኘ»ን እሱ ላይ አረሙት።